ሰማያዊዋ ሚዶ

መርካቶ ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ጭንቅላት ስቆርጥ ኖሬያለሁ። አንዱን ቆርጬ ሌላው አንገት ላይ እተክላለሁ፣ ጠቆር ያለውን አቀላለሁ፣ ብጉር አጠፋለሁ፣ ጥርስ አነጣለሁ። እንጀራዬ ነበር። ሰባተኛ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች ባንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ሁለት በርጩማ የምትችል ክፍል ነበረችኝ። የሠርግ ካርድ እሠራለሁ፣ የሳሙና ካርቶን እሠራለሁ፣ የጫማ ቤት ታፔላ እሠራለሁ። ከሁሉ የሚበዛው ግን የዘፈን ዲቪዲ ሽፋን ነው። ጊዜው መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ስለነበር ደንበኛ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀኝ «ዛሬ መብራት አለ?» ብሎ ነው።

ያኔ ራፕ የሚሠሩ ልጆች የሚያዙት ሽፋን አንድ ዓይነት ነበር። ከኋላ የአሜሪካ ፎቅ፣ ከጎን ጣሪያ የሌላት መኪና፣ ከፊት ውሻ፣ ከታች እሳት። ልጁ ከአውቶብስ ተራ ወዲያ ሄዶ አያውቅም፣ ሽፋኑ ላይ ግን ኒው ዮርክ ትነድለታለች። እኔም ፎቁን፣ መኪናዋንና እሳቱን አንድ ላይ አስቀምጬ በየሳምንቱ ጭንቅላት ብቻ እቀይር ነበር። አንዱ ሽፋኑን ከጓደኛው ሽፋን ጋር አስተያይቶ፣ «መኪናዋ እኮ የሱ ናት!» ብሎ መጥቶ ጮኸብኝ። «ተራ ገብታችሁ ንዷት» አልኩት። እንደዚህ ነበርኩ፣ አፌ አያርፍም። ደንበኛ ያጣሁትም በአፌ ነው፣ ያገኘሁትም በአፌ ነው።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አንድ ረጅም ቀጭን ወጣት መጣ። ሃያ ሁለት ቢሆነው ነው። ጆሮዎቹ ግራና ቀኝ ገንጠል ያሉ፣ ሲያፍር ቀድመው የሚቀሉ ዓይነት። በሩን ከኋላው ዘጋና፣ «እህቴ፣ ዲቪዲ አለኝ። ስድስት ክሊፕ ነው፣ ሂፕ ሆፕ። ሽፋን ትሠሪልኛለሽ፣ ግን ፊቴ እንዳይታይ» አለኝ።

«ፊትህ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ሌባ ነህ?»

ሳቀ። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ጉዳዩን ዘረዘረልኝ። አባቱ ሐጂ ናቸው፣ አቡጀዲና ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ። ከስልጤ ገና በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ መርካቶ ያደጉ። ጠዋት ጠዋት ከሳቸው ጋር ሱቅ ይውላል፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ኮምፒውተር እማራለሁ እያለ ስቱዲዮ ይሄዳል። ሐጂ ዘፈን አይወዱም። እንኳን ልጃቸው ሊዘፍን፣ ሱቁ በር ላይ ሬዲዮ የከፈተ ተሸካሚ ካለ ሌላ በር ሂድ ይሉታል።

«ቢያውቁ ምን ያደርጉሃል?» አልኩት።

«በማግስቱ አይሱዙ ላይ ጭኖ አገር ቤት ይልከኛል። አጎቴ እዚያ ሱቅ አለው። ዕድሜ ልኬን ስኳር ስመዝን እኖራለሁ፣ ራፑም እዚያው ያልቃል።»

ይህን ሲናገር ጆሮው ቀላ። እኔ ምን አገባኝ? የሰው ቤት ጣጣ ሰምቼ ሽፋን ብሠራ ኖሮ አንድም ሽፋን ባልጨረስኩ። «እሺ፣ ፊትህን እደብቅልሃለሁ» አልኩት፣ እሱም ደስ ብሎት ወረደ።

ችግሩ ከአከፋፋዩ መጣ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ የሙዚቃ ቤት ያለው ሰውዬ ነው፣ ዲቪዲውን የሚያሳትመውም የሚበትነውም እሱ። ፊት የሌለው ሽፋን ነው ስለው በስልክ ጮኸብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? ፊት የሌለውን ሰው ማን ቤቱ ያስገባል?» እውነቱን ነው፣ በዚያ ዘመን ሽፋን ማለት ፊት ነበር። አዟሪው ሃያ ሽፋን እንደ ካርታ ዘርግቶ ሲያልፍ ሰው የሚያውቀውን ፊት ነው የሚመዘው። ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ተስማማን። ፊት ይኖራል፣ ግን ጥቁር መነጽር ይደረግበታል፣ ኮፍያው እስከ ቅንድብ ይወርዳል፣ አፉ በሻሽ ይታሰራል። አከፋፋዩ የተነሳውን ፎቶ አይቶ፣ «ዘፋኝ ነው ወይስ ባንክ ሊገባ ነው?» አለና ፈረመ።

ፎቶውን ያነሳሁት እዚያው ክፍሌ ውስጥ ነው፣ ከኋላው ነጭ አንሶላ ሰቅዬ። የቀረው ጀርባው ነበር። ልጁ እንደሌሎቹ ኒው ዮርክን ፈለገ። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ኒው ዮርክ አንገሽግሾኛል። «ስማ» አልኩት፣ «የምታወራው ስለ መርካቶ ነው አይደል? ስለ ተሸካሚ፣ ስለ ጭቃ፣ ስለ ጥሩምባ። ለምን ሰው አገር ትቆማለህ?» ጭንቅላቱን አከከ። «ፋራ አይሆንም?» አለ። «ፋራ ማለት ያልሄደበት አገር ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ነው» አልኩት። በነገር ረታሁትና እሺ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ካሜራዬን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ከዱባይ ተራ ጀርባ መኪና የሚጫንበት መንገድ አለ። እዚያ ግድግዳ ሙሉ ቦንዳ ተደርድሯል፣ በጆንያ ተጠቅልሎ በሽቦ የታሰረ ጨርቅ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እስከ ጣሪያ። ብርሃኑ በጎን ይመታዋል። እንዴት እንዳማረኝ! አነሳሁና ተመለስኩ። ጽሑፍ ያለበትን አጠፋሁ፣ የመኪናውን ታርጋ አጠፋሁ፣ የቆመ ሰው አወጣሁ። አንዱ ቦንዳ ላይ ግን በሰማያዊ ቀለም የተሳለች አንዲት ነገር ነበረች። ሚዶ ናት፣ አምስት ጥርስ ያላት የፀጉር ሚዶ፣ በብሩሽ ጠረግ ጠረግ ተደርጋ የተሳለች። የሂፕ ሆፕ ልጆች ግድግዳ ላይ የሚስሉትን ዓይነት መሰለችኝ። ወደድኳት። ቀለሟን ደመቅ፣ መጠኗን ከፍ አደረግሁና ልጁ ትከሻ አጠገብ አመጣኋት። ያን ቀን በራሴ ኮራሁ፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

ልጁ መጥቶ ስክሪኑ ላይ አየው። ቁጭ ብሎ አየው፣ ተነስቶ አየው፣ ራቅ ብሎ አየው። «ጆሮዬ አልበዛም?» አለ። ጆሮውን ትንሽ ገፋሁለት። «አሁን አሪፍ ነው!» አለና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ እየዘለለ ወረደ። ሰው ፎቶ ሲሰጡት የሚያየው ራሱን ነው፣ ይህን ከሥራዬ ነው የተማርኩት።

ዲቪዲው ቅዳሜ ወጣ። ማክሰኞ ልጁ በሬን በርግዶ ገባ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ምን አደረግሽኝ!»

«ምን አደረግሁ?»

ሽፋኑን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ በጣቱ ሚዶዋን ወጋ ወጋ አደረጋት። «ይሄ የአባቴ ምልክት ነው!»

ያኔ ነው የገባኝ። መርካቶ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቼ የማላውቀውን ነገር አስረዳኝ። ወደ ክፍለ ሀገር ቦንዳ የሚልክ ነጋዴ ሁሉ የራሱ ምልክት አለው። ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም፣ ስለዚህ ስም አይጻፍም፣ ምልክት ይቀባል። አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ዓሣ፣ አንዱ መቀስ። የሐጂ ሚዶ ናት። ከአሥራ ምናምን ሺህ ቦንዳ መሀል፣ እኔ ካሜራዬን ይዤ ሄጄ የሐጂን አንስቻለሁ። ተሸካሚዎቹ ሽፋኑን አዟሪ እጅ ላይ ሲያዩ ያወቁት ሚዶዋን ነው። ሚዶዋን ካወቁ በኋላ መነጽርና ሻሹ ምን ያደርጋል? ቁመቱ አለ፣ ጆሮው አለ። አንዱ ቀልደኛ ሽፋኑን ገዝቶ በቀጥታ ሱቅ ወስዶ፣ «ሐጂ፣ ቦንዳዎ ዘፋኝ ሆኗል!» ብሎ ሰጥቷቸዋል።

«አንተስ እንዴት አላየሃትም? እዚሁ ቁጭ ብለህ አይደል ያየኸው!» ብዬ ጮህኩበት። ጥፋቴን ሳውቅ ነው እኔ የምጮኸው።

«እኔ እንጃ» አለ። «ከተወለድኩ ጀምሮ አለች። አላየኋትም በቃ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ልጁ ያን ቀን ቤቱ አልገባም፣ ጓደኛው ጋ ሄደ። ሱቁንም ሁለት ቀን ሳይረግጥ ቀረ። እኔ አከፋፋዩ ጋ ደውዬ ሽፋኑን ቀይረን እንደገና እናትም ብለው ሳቀብኝ። እየተሸጠ ነው፣ ምን ቆርጦት! በዚያ ላይ የተሸካሚዎቹ ወሬ ገበያውን አድምቆለታል። ሁለት ቀን ሥራዬን ስሠራ እጄ ይሠራል እንጂ ልቤ የለም። አንዲት ሙሽራ ካርድ ላይ የሌላ ሙሽራ ስም ጽፌ ላክሁ። በሰው ልጅ ሕይወት ላይ ሚዶ ተክዬ፣ ልጁ ስኳር ሲመዝን ሲያረጅ ይታየኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሐጂ ራሳቸው መጡ።

ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው በሬ ላይ ቆመው ትንሽ ተነፈሱ። አጠር ያሉ ሰው ናቸው፣ ነጭ ቆብ፣ በሂና የቀላ ፂም፣ ንጹሕ ኮት። በስማቸው ጠርቶ ያስተዋወቀን የለም፣ ግን ጆሯቸውን ሳይ አወቅኋቸው።

«የልጄ አስተማሪ አንቺ ነሽ?» አሉ።

በስመ አብ! የኮምፒውተር ትምህርቱ እኔ ጋ ነው ብሎ ነግሯቸው ኖሯል ያ ጉድ። «ነኝ ሐጂ፣ ይግቡ» አልኩ። ውሸቱን በዚህ ጀመርኩ።

በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ከኮታቸው ውስጥ ሽፋኑን አወጡ፣ በፕላስቲክ ጠቅልለውት ነበር። ጀርባው ላይ የሠራሁት እኔ መሆኔ ከነአድራሻዬ ታትሟል። ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲያዩት ቆዩ። ስድቡ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። እኔም እንደ ልማዴ ተዘጋጅቻለሁ፣ ሰው ከጮኸብኝ መጮህ አያቅተኝም።

«ይህችን ታውቂያታለሽ?» አሉ፣ ሚዶዋን ነክተው።

«የርስዎ ምልክት ናት ሲባል ሰምቻለሁ።»

«አዲስ አበባ ስገባ ሱቅ በደረቴ ነበርኩ። ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ ሚዶ፣ መርፌ፣ ክር፣ ትንሽ ትንሽ መስታወት። ያበላኝ ሚዶ ነው፣ ሴቱ ሁሉ ሚዶ ይፈልጋል። ኋላ አላህ ብሎ ቦንዳ መላክ ስጀምር ምን እንቀባ አሉኝ። ሚዶ ቅቡ አልኳቸው። ሳቁብኝ። እስከ ዛሬ ሚዶ ያለበት ቦንዳ ጠፍቶብኝ አያውቅም።»

ሽፋኑን ከጉልበታቸው አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለአላህ ብለሽ እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። «ይህችን ሚዶ እሱ ነው አስገቢልኝ ያለሽ?»

መልስ ሳይጠብቁ እሳቸው ቀጠሉ። «ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አገር ቤት እልከዋለሁ ብዬ መኪና ሁሉ ተናግሬ ነበር። ኋላ ሽፋኑን ደግሜ አየሁት። ፊቱን የሸፈነው እኔን ፈርቶ ነው። ይሁን፣ ልጅ አባቱን ይፈራል። ግን ፊቱን ሸፍኖ የእኔን ምልክት ትከሻው ላይ ካደረገ፣ ይሄ ልጅ አልካደኝም ማለት ነው። አይደለም እንዴ? ሰው ሊክድ ሲፈልግ ፊቱን ገልጦ ምልክቱን ነው የሚደብቅ።»

ፊታቸውን አየሁት። ሊቆጣ የመጣ ሰው ፊት አልነበረም። አዎ በይኝ የሚል ፊት ነበር።

እኔ ደግ ሰው አይደለሁም። ለዘፋኙ አፍንጫህ ጠማማ ነው ብዬ ፊት ለፊት የምናገር ሴት ነኝ። እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ሚዶዋን ያመጣኋት እኔ ነኝ፣ ልጅዎ አላያትም፣ ቢያያት ኖሮ አጥፊልኝ ይለኝ ነበር። ይህንኑ ብዬ ብገላገል ጥሩ ነበር። ግን ሽማግሌው አንጀቴን በሉት። ዓይኔን በጨው ታጠብኩ።

«አዎ ሐጂ። እሱ ነው ያለኝ። ‹ይህች ካልገባች ሽፋኑ አይታተምም› ብሎ ተጣልቶኛል።»

ከዋሸሁ አይቀር አሳመርኩት፣ ሙያዬ ማሳመር አይደል።

ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉና በኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ። ከዚያ እንደ ማፈር ብለው ሳቁ። «ዘፈኑን ግን አልወደድኩትም። ወላሂ አንድ ቃል አልገባኝም። ማን እያባረረው ነው እንዲህ የሚሮጠው?» አሉ። እኔም ሳቅሁ። ሊወጡ ተነስተው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው ኮምፒውተሬን አዩት። «ኮምፒውተሩንስ እውነት ይማራል?» አሉ። አፌን ከፈትኩ። እጃቸውን አነሱ። «ተይው፣ በአንድ ቀን ሁለት እውነት አልጠይቅሽም» ብለው ወረዱ።

ወዲያው ለልጁ ደወልኩለት። ያልኩትን ቃል በቃል ነገርኩትና፣ «ከአፍህ እንዳይወጣ፣ ያልከው አንተ ነህ» አልኩት። ስልኩ ላይ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «ዳንኩ!» አለ። «አንቺ እኮ እናቴ ነሽ! እግርሽን ልሳም!» ዘጋሁበት። ያን ማታ ከስንት ቀን በኋላ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ደግ ደጉን ነው። ሐጂ ልጁን አልላኩትም። ሱቃቸው በር ላይ ሬዲዮ ባይፈቀድም ሽፋኑ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ይባስ ብለው ከአከፋፋዩ በካርቶን ገዝተው ወደ ክፍለ ሀገር በሚሄደው በየቦንዳው ውስጥ አንዳንድ ዲቪዲ ለምርቃት መክተት ጀመሩ። ጂማ የሚኖር ቸርቻሪ አቡጀዲ ሊሸጥ ሲፈታ ራፕ ያገኛል። አከፋፋዩ ደውሎ፣ «ያ ሚዶሽ ለሌሎቹም አይሆንም?» አለኝ። በሁለት ወር ውስጥ አራት ልጆች መጥተው ከቦንዳ ፊት ካልቆምን አሉኝ። ኒው ዮርክን ከኮምፒውተሬ አጠፋሁ። እኔ ከነውሸቴ ጀግና ነበርኩ።

ልጁ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሁለተኛ ዲቪዲ ሊያሠራ የመጣ መስሎኝ በርጩማውን ሳብሁለት። ከስቷል። ሽፋን አላነሳም፣ ስለ ክሊፕ አላነሳም። የፕሪንተሩን ክዳን ሲከፍት ሲዘጋ ቆየ።

«ለምን ዋሸሽው?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «እንዴ! እኔ ባልዋሽ ይሄኔ የት ነበርክ? ስኳር ስትመዝን አልነበረም? ዳንኩ ብለህ የጮህከው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

«ቁጣውን እኮ ከልጅነቴ ለምጄዋለሁ» አለ። «ይጮሃል፣ ዝም እላለሁ፣ ያልፋል። ይሄኛውን ግን አላውቅበትም። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ይጠራኛል። ሽፋኑን ያወጣል። ‹ፊቱን ሸፍኖ የኔን አልሸፈነም› ይላቸዋል። በሰው ፊት አቅፎኝ አያውቅም ነበር፣ አሁን ያቅፈኛል። ትናንት ለአንድ የአገር ቤት ሰው ይህንኑ ሲነግር አለቀሰ። አባቴ! አለቀሰ እኮ።»

«እና ሂድና እውነቱን ንገረዋ!» አልኩት።

«ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ» አለ። «ገና አፌን ሳልከፍት ወንበር ይለቅልኛል።»

ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ሽፋኑ ያለበትን ፋይል ከፈትኩት። ሁለታችንም ስክሪኑን አየነው። እሱ በዚህ ጊዜ ግን ራሱን አላየም። ጣቱን አንስቶ ከትከሻው አጠገብ ያለችውን ሰማያዊ ነገር ሳይነካት ዙሪያዋን ዞራት።

«እዚህ ድረስ ቀርባኝ» አለ፣ «አላየኋትም እኮ።»